የማይዞረው እጀታ፦ ራሱን የሚያጠራ የዘይት ፊልትሮን ወደ ሥራ ስለ መመለስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ ጠረጴዛው በዘይት ግፊት በሚመላለስ አሮጌ ሰርፌስ ግራይንደር (የብረትን ገጽ በሚሽከረከር ድንጋይ ሞርዶ በሚያስተካክል ማሽን) እሠራለሁ። ከዘይት ጋኑ ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ ላይ ከአናቱ ትንሽ እጀታ ያለው የብረት ፊልትሮ አለ፤ እጀታው ግን ፈጽሞ አይነቃነቅም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠረጴዛው እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ፓምፑም ጠጠር የዋጠ ይመስል ይጮኻል። አንድ ባልደረባዬ እጀታውን በቧንቧ አስረዝሜ በኃይል እንዳዞረው፣ ሌላው ደግሞ ፊልትሮውን ነቅዬ በወረቀት ፊልትሮ እንድተካው መክረውኛል። የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም ባይከተሉ ይሻላል። ፊልትሮው ውስጡ ካልተሰበረ በቀር ተጠርጎ ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ነው፤ በኃይል ማዞር ግን እስከ ዛሬ የተረፈውን ክፍል በአንድ ቅጽበት ሊያበላሸው ይችላል።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይገኛል። በእጀታው ዘንግ ላይ እጅግ ስስ የሆኑ ክብ የብረት ዲስኮች ተደርድረዋል፤ በየሁለቱ ዲስኮች መካከል ደግሞ ክፍተቱን የሚጠብቅ ስስ መለያያ ገብቷል። ዘይቱ ከውጭ ወደ ውስጥ በእነዚህ ክፍተቶች ሲያልፍ ከክፍተቱ የሚተልቀው ቆሻሻ በዲስኮቹ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ከጎን ባለ ሌላ ዘንግ ላይ የማይንቀሳቀሱ ስስ ምላጮች ተሰክተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ጫፍ በአንድ ክፍተት ውስጥ ይገባል። እጀታው ሲዞር ዲስኮቹ አብረው ይዞራሉ፤ ምላጮቹም ማበጠሪያ ጸጉርን እንደሚያበጥር ቆሻሻውን ጠርገው ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ ይጥሉታል። እጀታው ለረጅም ጊዜ ሳይዞር ከቆየ ያረጀ ዘይት እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ የድንጋዩና የብረቱ ብናኝም በክፍተቶቹ ይጋገራል። በዚህ ሁኔታ በቧንቧ ቢያስገድዱት መጀመሪያ የሚታጠፉት እነዚያ ስስ ምላጮች ናቸው። የጠረጴዛው መንገጫገጭና የፓምፑ ጩኸትም ከዚሁ መዘጋት ጋር ይስማማሉ፤ ፓምፑ በቂ ዘይት መሳብ ሲያቅተው እንዲህ ይጮኻልና።

ወደ ሥራው ሲገቡ በቅድሚያ የማሽኑን ኤሌክትሪክ ከዋናው ማብሪያ ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራውም ይቆልፉት። ከታች ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈትተው ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉ፤ የዝቃጩ መልክ ስለ ማሽኑ ብዙ ይነግርዎታል። በዝቃጩ ውስጥ ማግኔት ቢያሳልፉ የሚይዘው የብረት ብናኝ ነው፤ የማይያዘው አሸዋ መሰል ነገር ደግሞ በአብዛኛው ከመሞረጃው ድንጋይ የመጣ ነው። ከዚያ የክዳኑን ቡሎኖች ፈትተው የዲስኮቹን ድርድር ሳያጋድሉ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያውጡት።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድርድሩን እንዳለ በነጭ ጋዝ ውስጥ ያስቀምጡትና ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት፤ በጣም የደረቀ ከሆነ ጋዙን እየለወጡ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በየመሐሉ እጀታውን በጣት ኃይል ብቻ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ ይሞክሩ። መጀመሪያ የጸጉር ያህል ይነቃነቃል፣ ቀጥሎ ሩብ ዙር ይሄዳል፣ በመጨረሻም ሙሉ ዙር ይዞራል። ነጭ ጋዝም የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ አየር በሚገባበት፣ የሞረድ ብልጭታ በማይደርስበት ስፍራ ይሥሩ፤ ቤንዚን ግን ጨርሶ አይጠቀሙ። ክዳኑ ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ በኮስቲክ ሶዳ አያጥቡት፤ ይበላዋል። የሽቦ ብሩሽና ካቻቢቴም ከዲስኮቹ ይራቁ፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ድርድሩን መፍታት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ግድ ከሆነ ዲስክ፣ መለያያና ምላጭ እንደ ቅደም ተከተላቸው በሽቦ ላይ እየሰኩ ያስቀምጧቸው፤ አንዱ ቦታውን ከሳተ ምላጩ ከክፍተቱ ጋር አይገጥምም። የታጠፈ ምላጭ በጠፍጣፋ ብረት ላይ በቀስታ ይቃናል። የተሰበረውን በአዲስ መተካት ይቻላል፤ አዲሱ ግን ከመለያያው ውፍረት በጥቂቱ መሳሳት አለበት፣ አለዚያ በዲስኮቹ መካከል ይነክሳል።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ እጀታው በቀላሉ ይዞራል፣ ዲስኮቹ ግን አይዞሩም፤ እጀታውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል ማለት ነው። ከመግጠምዎ በፊት በአንድ ዲስክ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው አብሮ መዞሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ሲገጥሙ የክዳኑን ጋስኬትና የእጀታውን ዘንግ ማሸጊያ በአዲስ ይለውጡ። የእርስዎ ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት ስለሆነ በላላ ማሸጊያ በኩል ዘይት ከመንጠባጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ዘይቱ አረፋ ያወጣል፣ ጠረጴዛውም እንደገና ይንገጫገጫል። ጋኑንም ክር በማይበትን ጨርቅ ያጽዱ፤ የጠራ ፊልትሮ በቆሸሸ ጋን ላይ ቢገጠም ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። አዲሱ ዘይት በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ውፍረት ያለው ይሁን። ፓምፑ በደረቁ እንዳይዞር የፊልትሮውን ቤት በንጹሕ ዘይት ሞልተው ይዝጉ፤ ከዚያ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ጠረጴዛውን በሙሉ ርዝመቱ ቀስ ብለው ያመላልሱት።

የወረቀት ፊልትሮን ሐሳብ በተመለከተ፣ ደቃቅ ወረቀት በፓምፑ መሳቢያ በኩል ሲገባ ፍሰቱን ያንቃል፤ አሁን የሚያስቸግርዎትም ይኸው መታነቅ ነው። በሌላ በኩል የዲስክ ፊልትሮ ከክፍተቱ የሚያንሰውን ብናኝ ያሳልፋል፤ ክፍተቱ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን 100 ማይክሮን ማለት ነውና የድንጋይ ዱቄት በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ የወረቀት ፊልትሮ ማከል ከፈለጉ ዘይቱ ወደ ጋኑ በሚመለስበት ቱቦ ላይ ይጨምሩ፣ አሮጌውንም በቦታው ይተዉት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱ ዘይት በቱቦዎቹ የቆየውን ዝቃጭ ስለሚያላቅቅ እጀታውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩት፤ በኋላ ሥራ ሲጀምሩ ጥቂት ሙሉ ዙር ይበቃል። የተጠረገው ቆሻሻ የሚወርደው ወደ ማጠራቀሚያው ስለሆነ ማሽኑን አጥፍተው የማፍሰሻውን ቡሎን በየጊዜው መክፈትዎን አይርሱ። እጀታው እንደገና እየከበደ ከመጣ ማዞሩን ያቁሙና ነጭ ጋዙን ያዘጋጁ።