ለማያውቁት ሰው ስለ መደወል፦ ለወጣት የመድን ወኪሎች

ባለፈው ሰሞን ገላን አካባቢ የምትሠራ አንዲት ወጣት የመድን ወኪል እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ የመጋዘንና የወርክሾፕ ባለቤቶችን ስልክ ከየበሩ ላይ እየለቀምኩ እደውላለሁ። ግማሾቹ አያነሱም፤ ያነሱትም ‹መድን አለን› ብለው ይዘጉብኛል። ለማያውቁት ሰው ስልክ መደወል በእኛ አገር ደንበኛ ያመጣል?» ያመጣል፣ በርቺ ብዬ አለፍኩት። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን በስልክ ያገኘኋቸውንና በዚያው በስልክ ያጣኋቸውን አንዲት ደንበኛ አስታወሰኝና ይህን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ግልጽ የሆነውን ነገር እዘለዋለሁ። ከብሔራዊ ባንክ የወኪልነት ፈቃድ ሳይዙ መደወል እንደማይገባ፣ የማታውቁትን የውል ቃል እንደምታውቁት አድርጎ ማስረዳት ነውር እንደሆነ፣ ሰውን በትሕትና ማነጋገር እንደሚያስፈልግ ልነግራችሁ አልፈልግም፤ ይህን ያልያዘ ወጣት የእኔም ምክር አይጠቅመውም።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት የግል መድን ኩባንያዎች እንደገና በበዙበት ጊዜ ነው። የቀድሞዎቹ የግል ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ገበያው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች በሩን ሲከፍት ወኪሉም እንደ አሸን ፈላ። ሁሉም የሚሻማው ግን ያንኑ የመርካቶና የፒያሳ ነጋዴ ነበር። እኔ እዚያ ዘመድም የሚያስተዋውቀኝም ሰው ስላልነበረኝ፣ ከአየር ጤና ወዲያ ያለውን የካራ ቆሬን፣ የዓለም ገናንና የሰበታን መንገድ ለራሴ መረጥኩ። መሣሪያዬ የቴሌ የስልክ ማውጫ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ስልክ ቁጥሮች ሁሉ ተቀይረው የአዲስ አበባው ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ከነኮዱ ባለ 10 አሃዝ ሲሆን፣ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ማውጫቸውን ጥለው ነበር፤ እኔ ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የሚጨመረውን አሃዝ በእርሳስ እየጻፍኩ በአሮጌው ማውጫ ለረጅም ጊዜ ሠርቼበታለሁ። ያልተመዘገቡትን ደግሞ በሚኒባስ መስኮት በኩል ከየግቢው በር ላይ እየገለበጥኩ እይዝ ነበር። ሾፌሩ ሲፈጥን የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ያመልጡኝና ሲመለስ በሌላኛው ጎን ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ።

እንዲህ ካገኘኋቸው ቁጥሮች አንዱ የዓለም ገና እንጨት ሥራ ቤት ነበር። ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። ስልኩን ያነሡት ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው፤ ከኋላቸው መጋዙ ይጮኻል።

«ማን ልበል?»

ስሜንና ሥራዬን ተናገርኩ።

«መድን ነው? ለመኪናው ገዝተናል፣ አመሰግናለሁ።»

«ስለ መኪናው አይደለም እትዬ፣ ስለ ሥራ ቤቱ ነው።»

«ለሥራ ቤቱ እግዚአብሔር አለለት።»

«እሱማ አለ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ ሰጋቱራውን ማታ ማታ የት ነው የሚያደርጉት?»

ዝም አሉ። ስልኩን የዘጉት መስሎኝ ነበር። ቆየት ብለው «ማን ነግሮህ ነው?» አሉኝ። ማንም አልነገረኝም። አጎቴ አናጺ ስለነበረ የሰጋቱራን ነገር አውቀዋለሁ፤ የትም እንጨት ሥራ ቤት ብትሄዱ ሰጋቱራው የሚጠራቀምበት አንድ ጥግ አለ፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ ነገ አስወጣዋለሁ ይላል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁና «በል መጥተህ እየው» አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ የኪራይ ግቢ ሲሆን ሥራ ቤቱ የብሎኬት ግድግዳ ነበረው። ሁለት ክብ መጋዝና አንድ ፕላነር (እንጨት መላጊያ ማሽን) በተርታ ቆመዋል፤ በአንድ ጥግ የቫርኒሽና የቲነር ጣሳዎች ተደራርበዋል፤ ሰጋቱራው ደግሞ ከብሬከሩ ሥር እስከ ጉልበት ድረስ ተቆልሏል። ከዚያ ክምር ላይ ዘበኛው ለምድጃው እየዘገነ ይወስድ ነበር። የብሬከሩ ክዳን ወልቆ ሽቦው ይታያል። ወይዘሮዋ ከእኔ ጎን ቆመው ያንን ጥግ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ፤ አንድ ቃል ሳልናገር ሠራተኛ ጠርተው «አሁኑኑ ይውጣ» አሉ። ቅጹን የሞላነው ሰጋቱራው ወደ ውጭ ከወጣ፣ ብሬከሩ ክዳን ካገኘና የእሳት ማጥፊያ ከተገዛ በኋላ ነው። መሣሪያውንና ጣውላውን አንድ በአንድ እየቆጠርን በ400,000 ብር ገመትነው። የተገመተውም ትክክለኛ ዋጋው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ሳስበው የምቆጨው። 2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ሁሉንም ያስጨነቀበት ዓመት ነው፤ ጣውላው፣ ብረቱ፣ ከውጭ የሚመጣው ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳ በየወሩ ይጨምር ነበር። ወይዘሮዋም እንደ ብልህ ነጋዴ ዋጋው ሳይብስ ብለው ጣውላ አከማቹ፤ አንድ መሣሪያም ጨመሩ። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ደወልኩላቸው። ግምቱ ከፍ ማለት እንዳለበት አስረዳኋቸው። «አረቦኑስ?» አሉ፤ ለመድኑ የሚከፍሉትን ገንዘብ ማለታቸው ነው። በዚያው ልክ ይጨምራል አልኩ። «አይ ወንድሜ፣ ሥራ ቀዝቅዟል፣ እንደ አምናው ይሁን።» በተከታዩ ዓመትም ደወልኩ፤ ንግግሩም መልሱም ያው ነበር። ምክሬን በደብዳቤ አድርጌ ላክሁ፤ ደብዳቤውን ፈርመው መለሱልኝ፤ ውሉም በ400,000 ብር ታደሰ። ከሥራ ሕጉ አንጻር የጎደለ ነገር አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት የቤቱን ግማሽ በላ። ጉዳት ገማቹ የነበረውን ንብረት ሁሉ ሲያሰላ ዋጋው 800,000 ብር፣ የተቃጠለው ደግሞ 300,000 ብር ሆነ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በውሉ ላይ እንደተመለከተው፣ ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው በታች ከተገመተ ለጎደለው መድን ገቢው ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። ግማሹን ብቻ ስለገመቱ የሚከፈላቸውም የጉዳቱ ግማሽ ነው፤ ይኸውም 150,000 ብር፣ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው የመጀመሪያው ድርሻ ይቀነሳል። አስተውሉ፤ የተቃጠለው ከተገመተው ከ400,000 ብር በታች ስለሆነ ብዙ ሰው ሙሉውን የሚያገኝ ይመስለዋል። ይህን ስሌት ከአደጋ በኋላ ለደንበኛ ማስረዳትን የመሰለ ከባድ ሥራ በሙያችን ውስጥ የለም።

ወይዘሮዋ አልጮኹብኝም፣ አልከሰሱኝምም። በተቃጠለው ቆርቆሮ መካከል ቆመን ሳለ «መጥተህ ብታየው ኖሮ እኔም አየው ነበር» አሉኝ። «በየቀኑ የምገባበትን ቤት አላየውም፤ ያን ጊዜ ያየሁት አንተ ስትመጣ ነው።» ልብ በሉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት አብረን ያየነው ሰጋቱራ እስከዚያች ሌሊት ድረስ በየማታው ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የቀረው ግማሽ ቤት የተረፈውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። አብረን ያየነውን ነገር ጠበቁት፤ በስልክ የነገርኳቸውን ግን ሁለት ጊዜ ሰምተው ሁለት ጊዜ ተዉት። በሚቀጥለው ዓመት ውላቸውን ከእኔ ጋር አላደሱም።

ቤቱን መልሰው ያቆሙት በዕቁብ ነው። የዕቁቡ አባላት ተራቸውን ለቀውላቸው ዕጣውን ቀድመው ወሰዱ፤ የእኛ ክፍያ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕድርንና ዕቁብን እንደ ኋላ ቀር ነገር እያጣጣለ መድን የሚሸጥ ወጣት ስሰማ ያናድደኛል። እነዚያ ሰዎች ያለ ቅጽና ያለ ማኅተም በሳምንት ውስጥ ይደርሳሉ፤ እኛ ለአንድ የፖሊስ ማስረጃ ወር እናመላልሳለን።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። የዛሬ ወጣቶች ስትደውሉ ከወረቀት ላይ እንደምታነቡ ያስታውቃል። «ድርጅታችን የተለያዩ የመድን ሽፋኖችን ለውድ ደንበኞቹ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይፈጸም ሰውየው ስልኩን ቢዘጋ አልፈርድበትም። የመጀመሪያው ስልክ መድን መሸጫ አይደለም፤ ወደ ግቢው ለመግባት ፈቃድ መጠየቂያ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ደግሞ ስለ ሰውየው ሥራ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊጠይቀው የሚችል አንድ ጥያቄ ሲኖራችሁ ነው። ለዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ስለ ዱቄቱ አቧራ፣ ለአበባ እርሻ ስለ ማቀዝቀዣ ክፍሉና ስለ ጄኔሬተሩ፣ ለጋራዥ ባለቤት ውስጥ ስለሚያድረው የሰው መኪና ጠይቁ። ይህን ለማወቅ በየሰፈሩ በእግር መዞር ግድ ነው፤ ወጣቱ ግን ከወንበሩ መነሣት አይወድም።

ይህን ካልኩ በኋላ ራሴን የሚቃረን ነገር መናገሬ ነው፤ አምና ካገኘኋቸው ደንበኞች ጥሩ የምላቸው አንድ የዱከም ባለ መጋዘን የመጡት በቴሌግራም ነው። የእህቴ ልጅ የፈቃዴን ፎቶና አጭር መልእክት አስቀድሞ ልኮላቸው ስለነበር ስደውል ማን እንደሆንኩ አውቀው አነሡ። «ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚል አጭበርባሪ በየቀኑ በሚደውልበት ዘመን የማያውቀውን ቁጥር አላነሣም የሚል ሰው ልክ ነው። እንግዲያው መልእክቱን ቀድማችሁ ላኩ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁም ቢሆን። ስልኬን ከየት አመጣኸው ሲሏችሁም እውነቱን ተናገሩ። ከበርዎ ላይ አይቼ ነው ማለት አያሳፍርም፤ «ከአንድ ወዳጅዎ» የሚለው ውሸት ግን ወዳጁ ማን እንደሆነ እስኪጠየቅ ድረስ ብቻ ነው የሚያዛልቀው።

«መድን አለን» የሚለውን መልስ በተመለከተ፣ ያቺ ወጣት ስልኩ የተዘጋባት መስሏት አዝናለች፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። አረቦን መክፈልን የለመደ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «የንብረቱ ግምት የተሞላው ከሐምሌ 2016 በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የመጣ ማሽን፣ መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ያለው ሰው አዲስ ሳይገዛ የንብረቱ ዋጋ በብር ሲታይ እጥፍ ሊጠጋ ችሏል። ውሉን «እንደ አምናው ይሁን» እያለ የሚያድስ ባለ ፋብሪካ በሙሉ የእኔ ወይዘሮ የቆሙበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ስሌቱን በ800,000 እና በ400,000 ብር አድርጋችሁ በሁለት ደቂቃ አስረዱት። ነባሩን ወኪል አትንቀፉ፤ ምናልባት እሱም እንደ እኔ ነግሮ አልተሰማ ይሆናል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም። ሐምሌ የግብር መክፈያ ወቅት ስለሆነ ለትንሽ ነጋዴ አትደውሉ። ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለውን ለሶላት ተዉት። ጠዋት ሠራተኛ ሥራ የሚከፋፈልበትን ሰዓት አሳልፉና ከ4 ሰዓት በኋላ ሞክሩ። ሁለተኛ እንዳትደውል ያለውን ሰው ከደብተራችሁ ላይ ሰርዙት፤ በሌላ ቁጥር መሞከር መድከም ብቻ ሳይሆን ሰውን መድፈር ነው።

የሚታደስ ውል ሲኖራችሁ ጊዜው ሊያበቃ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ደውሉና ቀን ያዙ፤ ከዚያ ሄዳችሁ ከባለቤቱ ጋር ግቢውን ዙሩ፤ አዲስ የገባውን ማሽን፣ የጨመረውን ክምችት በዓይኑ እያየ ራሱ ይጥራላችሁ፣ እናንተ ጻፉ። የአንዳንዱ ትንሽ ውል ኮሚሽን ከአየር ጤና ሰበታ ደርሶ መልስ የሚከፈለውን ታክሲና የምሳውን እንደማይሸፍን አውቃለሁ። ለዚያ ብዬ በአንድ ቀን ሦስት አራቱን በአንድ መስመር አገናኝቼ እሄዳለሁ።