ፉድ ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ልማር ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በኬሚካል ምህንድስና ተመርቀሽ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ክፍል ትሠሪያለሽ። ፉድ ኢንጂነሪንግ (የምግብ ምህንድስና) ማስተርስ መማር ትፈልጊያለሽ። ይከብዳል ወይ፣ ሥራ ያስገኛል ወይ፣ የትስ ይሻላል ብለሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ዩኒቨርሲቲ ስም ሲከራከሩ ዋሉ። እኔ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያደግኩ፣ ትምህርቱንም የጨረስኩ ሰው ነኝ። እንደኔ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የቴሲስ (የመመረቂያ ምርምር) ርዕስሽን ያዢ። እሱንም ከደጅሽ።

ትምህርቱ ምን እንደሆነ እናጥራ። ሥነ ምግብ፣ ምግብ ሰውነታችን ውስጥ የሚሠራውን ያያል። የምግብ ሳይንስ ምግቡ ከምን እንደተሠራና ለምን እንደሚበላሽ ይመረምራል። የኛው ፉድ ኢንጂነሪንግ ደግሞ ሙቀቱ እንዴት ይገባል፣ ውሃው እንዴት ይወጣል፣ ፈሳሹ በቧንቧ እንዴት ይሄዳል፣ ለዚህስ ምን ያህል ኃይል ይፈጃል የሚለው ነው። ወጥ መሥራት ስለምትወድ ብቻ የገባች ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን (የለውጥ ፍጥነትን የሚገልጽ የሒሳብ ቀመር) ሲመጣባት ክው ትላለች። አንቺን ይህ አያስፈራሽም። ሂት ትራንስፈርም (የሙቀት ዝውውር) ዩኒት ኦፕሬሽንም (እንደ ማድረቅና ማጣራት ያሉ የፋብሪካ ሥራ ደረጃዎች) የምታውቂው ነው። አዲስ የሚሆንብሽ ማይክሮባዮሎጂና ፉድ ኬሚስትሪ ነው። ሌላም አለ። ኢታኖል የትም ቢሆን ኢታኖል ነው፤ ባሕርይውን ከሰንጠረዥ አንብበሽ ታሰያለሽ። ገብስ ግን እንደዚያ አይደለም። የዘንድሮው ካምናው፣ የመንዙ ከምንጃሩ ይለያል። ሰንጠረዡን ራስሽ በላብ ትሠሪዋለሽ። ብዙ ኬሚካል ኢንጂነር የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ስለ ደጅሽ ላውራ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ወደ 91 ላይ ይፈላል። የባቄላ ንፍሮ እንቢ የሚለው፣ እንጨቱም የሚያልቀው ለዚህ ነው። ጣርማ በርን አልፈሽ ደብረ ሲናን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ ውሃውም 96 አካባቢ ይፈላል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ቀን መንገድ፣ የ5 ዲግሪ ልዩነት። ይህን የመሰለ የተፈጥሮ ላብ ያላቸው ተማሪዎች ብዙ አይደሉም።

5 ዲግሪ ምን አላት አትበይ። የፋብሪካችሁን ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ድስት) አስቢ። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚያሳየው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ባሕር ወለል ላይ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። መማሪያ መጽሐፎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጌጁ ያንኑ 15 ሲያሳይ ውስጡ 116 አካባቢ ነው። የቦቱሊዝም (ገዳይ የምግብ መመረዝ) ባክቴሪያ ስፖር፣ ሙቀት የሚቋቋመው ዘሩ ማለት ነው፣ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ለመሞት አሥር እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። በ5 ዲግሪ ሲቀንስ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ጌጁን ወደ 19 ማድረስ ወይም ጊዜውን ማራዘም የግድ ነው። ከጌጁ ይልቅ ቴርሞሜትሩን ማመን ይሻላል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4.6 በላይ ለሆነ፣ ማለትም አሲድነቱ ዝቅ ላለ የታሸገ ምግብ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ወተት ፓስቸራይዝ ስታደርጊ (ሳታፈዪ አሙቀሽ ጀርሙን ስትገዪ) ግን ከፍታው አያሳስብሽም፤ 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃም ሆነ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ከመፍያው በታች ነው።

ወተት ካነሳን አይቀር፣ እኔ ብሆን በዚህ ላይ ነበር የምሠራው። የሸኖ ቅቤ ስሙ እስከ አዲስ አበባ ነው፤ የደብረ ብርሃን አካባቢም ወተት አያጣም። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ሙሉ ፈላጊው ይጠፋል። ላሟ አትጾም! ረቡዕና ዓርብም አሉ። በጾም የሚተርፈውን ወተት ብዙ ማቀዝቀዣ ሳይጠይቅ እስከ ፋሲካ የሚያቆይ፣ አንድ የገበሬ ማኅበር በአቅሙ ሊገዛው የሚችል አሠራር ቢገኝ ሰዉ ነገ ይጠቀምበታል። ጥያቄው ንጹሕ ምህንድስና ነው። ከወተቱ ስንት ኪሎ ውሃ ማውጣት አለብሽ፣ በየትኛው ኃይል፣ በስንት ብር?

ጓያም አለልሽ። ሞረትና ጅሩን በመሰለ ጥቁር አፈር ላይ ዝናብ ካቆመም በኋላ ይበቅላል። ሌላው ሰብል በከሸፈበት ዓመት ሰው የሚተርፈው በሱ ነው። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል መርዛማ አሚኖ አሲድ አለው። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። በስንት ዲግሪ ውሃ፣ ለስንት ሰዓት፣ ሙሉውን ወይስ ተከክቶ? ይህ እንግዲህ የማስ ትራንስፈር (የቁስ ዝውውር) ጥያቄ ነው፤ ክፍል ውስጥ የተማርሽው የፊክ ሕግ፣ ቁስ ከበዛበት ወደ አነሰበት እንዴት እንደሚሄድ የሚገልጸው፣ እዚህ ቤት ይገባል። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አደራረቅ፣ የቀወት ማሾ አከካክ፣ የገብስ በሶ እርጥበትና የመቆያ ዕድሜ... ርዕስ ሞልቷል።

የሚያንገሸግሸኝ ርዕስ የቱ እንደሆነ ልንገርሽ? ሦስት ዱቄት ቀላቅሎ ብስኩት መጋገር። ሶፍትዌሩ "ምርጡ ምጣኔ ይህ ነው" ይላል፣ አሥር ሰው ቀምሶ ነጥብ ይሰጣል፣ ቴሲሱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሬስፖንስ ሰርፌስ (ሶፍትዌሩ ምርጡን ምጣኔ የሚፈልግበት የስታቲስቲክስ ዘዴ) መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ እሺ፣ ልትማሪው ትችያለሽ። ግን ለምን በዚያ ሙቀት እንደዚያ ሆነ ሲባል መልስ ከሌለሽ ኢንጂነሪንጉ የቱ ጋ ነው? አሁን ቀጣሪዎችም ይህን ይጠይቃሉ።

ርዕሱን ከያዝሽ በኋላ መሣሪያውን በዓይንሽ እይ። ድረ ገጽ ላይ የተዘረዘረ የላብ ዕቃና የሚሠራ የላብ ዕቃ አንድ አይደሉም። እኔ በተማርኩበት ቦታ ለሥራዬ ወሳኝ የሆነ ማሽን በአንዲት መለዋወጫ ምክንያት ለወራት ቆሞ ነበር። "ይመጣል፣ ይመጣል" እየተባልኩ ከረምኩ። በመጨረሻ ናሙናዬን ይዤ ሌላ ተቋም ደጅ ጠናሁ፤ ክፍያውም ከኪሴ ነበር። ሪኤጀንትም (የላብ መመርመሪያ ኬሚካል) እንዲሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ለቴሲስ የሚሰጠው በጀት የትራንስፖርትና የናሙና ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ ቴክኒሻኑን አናግሪ። አድቫይዘሩን (የቴሲስ አማካሪውን) ሳይሆን ቴክኒሻኑን። የትኛው ማሽን እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገሽ ቡና ጋብዢና አድቫይዘሮቹ ረቂቅ በስንት ጊዜ አንብበው እንደሚመልሱ ጠይቂ።

ወደ ቦታው ልምጣ። በምህንድስናው በኩል አዲስ አበባ ላይ አምስት ኪሎ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ባሕር ዳርም የኬሚካልና ፉድ ኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ አለው። ሐሮማያ፣ ጅማና ሐዋሳ በምግብ ሳይንስ፣ በምግብ ቴክኖሎጂና በድኅረ ምርት በኩል ስም አላቸው። ሥራሽን ሳትለቂ መማር ከፈለግሽ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይቀናሻል፤ መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ማለቴ ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አትናቂው። አገር አቀፍ ነው፤ የሚፈትንሽም የሙያሽን ትምህርት ብቻ አይደለም፣ እንግሊዝኛና አመክንዮም አለበት። ጎበዝ ኢንጂነሮች ሲወድቁ አይቻለሁ።

ውጭ አገር ካሰብሽ ኢራስመስ ሙንዱስን (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ) ተመልከቺ። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ በወር 1,400 ዩሮም ይሰጣል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውስጥ ነው። የሥራ ልምድሽ እዚያ ይጠቅምሻል። "ፋብሪካችን ውስጥ ይህ ችግር አለ፣ ልፈታው እፈልጋለሁ" የሚል ደብዳቤ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር" ከሚለው በብዙ ይበልጣል። ደላላ ግን አታስጠጊ። ማመልከቻውን ራስሽ በነጻ ትሞዪዋለሽ።

ስለ ሥራ እውነቱን ልንገርሽ። ማስተርስ ስለያዝሽ ብቻ ፋብሪካ ደሞዝ አይቆልልልሽም። አንዳንዱ ጭራሽ "ይቺ ነገ ትለቃለች" ብሎ ይፈራሻል። የሚለወጠው የምትገቢበት በር ነው። ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና ምርምር ማዕከል ያለ ማስተርስ ይከብዳሉ፤ ደብረ ብርሃንም የራሷ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። ቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ሐበሻም ዳሽንም፣ እዚያው ከተማ ናቸው። ዱቄት፣ ወተትና ዘይት ውስጥ ደግሞ ከዲግሪው ይልቅ ሃሳፕንና (የምግብ አደጋን አስቀድሞ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት) አይኤስኦ 22000ን (ዓለም አቀፍ የምግብ ደኅንነት ደረጃ) በተግባር የምታውቅ ሰው ትፈለጋለች። እሱን አሁን ካለሽበት ጥራት ክፍል ሆነሽ መልመድ ትችያለሽ። ሥልጠና ሲመጣ ስምሽን አስጽፊ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሥራሽን አትልቀቂ። እዚያው ሆነሽ መረጃ ሰብስቢ። የፋብሪካውን የሙቀት መዝገብ፣ የተመለሰ ዕቃ መዝገብ፣ የኃይል ፍጆታ እይ። አለቃሽን በጽሑፍ አስፈቅደሽ ከሆነ ለቴሲስም ይሆንሻል፤ ካልተፈቀደልሽ ግን አትንኪው፣ ኋላ ጣጣ አለው። ስፖንሰር ሊያደርጉሽ ፈቃደኛ ከሆኑም ከመፈረምሽ በፊት ከትምህርት በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያስሩሽ አንብቢ። ርዕሱ ጓያ ከሆነ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ጅሩ በኩል ናሙና የሚሰጡሽ ገበሬዎች አውቃለሁ።