ክሩዝ ኮንትሮል ሳይገጠምላት የተሠራች መኪና

በዚህ እትም በክሩዝ ኮንትሮል፣ ማለትም አሽከርካሪው የመረጠውን ፍጥነት እግር ሳያስፈልገው ጠብቆ በሚያቆይ መሣሪያ ላይ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች፣ ከዱባይ የገባች አውቶማቲክ ቶዮታ ያሪስ ነው። ሥራዬ አዳማ፣ ቤተሰቤ አዲስ አበባ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ በፈጣን መንገዱ እመላለሳለሁ። ዓምና ቀኝ ጉልበቴን ከታከምኩ ወዲህ እግሬን ነዳጅ መስጫው ላይ ሳላንቀሳቅስ ማቆየት ያሠቃየኛል። የሥራ ባልደረባዬ መኪና ክሩዝ ኮንትሮል ስላላት እሷ እግሯን አሳርፋ ትነዳለች፤ የእኔ መሪ ላይ ግን ምንም ቁልፍ የለም። አንድ ጋራዥ «ሙሉ ኪት (ተሟልቶ የሚሸጥ የመግጠሚያ ዕቃ) መግባት አለበት» ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀኝ፤ ሌላው ደግሞ «ከፋብሪካ ካልመጣ አይቻልም» አለኝ። የቱን ልመን?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልን፤ ጉልበትዎንም እግዜር ይማርልዎ። ሁለቱም ባለሙያዎች መልስ ከመስጠታቸው በፊት ኮፈኑን ከፍተው አንድ ነገር ማየት ነበረባቸው፤ እሱም ነዳጅ መስጫ ፔዳሉ ሞተሩን የሚያዘው በብረት ገመድ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለው ነው። ይህን እርስዎም ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ ይልቀቅ፤ እርስዎ ከአየር ማጣሪያው የሚወጣውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ተከትለው ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ ገመድ ሲሳብና ግማሽ ክብ የመሰለች ብረት አብራ ስትዞር ካዩ መኪናዋ የገመድ ናት። ገመድ ከሌለና በምትኩ የሽቦ ሶኬት የተሰካበት ክፍል ብቻ ካለ ግን የእግርዎ ትእዛዝ የሚያልፈው በኮምፒውተሩ በኩል ነው። የእርስዎ ዘመን ያሪስ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ስለሆነች ነገሩ ከሚያስቡት የቀለለ ነው።

የሚቀልበትም ምክንያት ለክሩዝ ኮንትሮል ከሚያስፈልገው ዕቃ ዋናው ክፍል አስቀድሞ መኪናዋ ውስጥ ስላለ ነው። የአየር ማስገቢያውን በር የሚከፍትና የሚዘጋው ትንሽ ሞተር አለ፤ ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ኮምፒውተርም አለ። ፋብሪካው በርካሹ ሞዴል ላይ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በስተቀኝ በኩል ብቅ የምትለውን ትንሽ ማዘዣ እጀታና እሷን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ሽቦ ነው። ስለዚህ ሙሉ ኪት የሚያስገዛ ምክንያት አይታየኝም። ይሁን እንጂ ለተለያየ አገር ገበያ የተሠሩ ያሪሶች ሽቦ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ሽቦው እስከ ኮምፒውተሩ ተዘርግቶ እጀታዋን ብቻ ሲጠብቅ በሌሎቹ ግን መሐል ላይ ይጎድላል። በመሆኑም እጀታዋን ከመግዛትዎ በፊት አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመሪውን ሽፋን ከፍቶ ሽቦው መኖሩን እንዲያይልዎ ያድርጉ።

እጀታዋን ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣች ሊያገኟት ይችላሉ። ያገለገለ ዕቃ መግዛትን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሳይለኩ አይግዟት። በቶዮታ እጀታ ላይ ሁሉም ትእዛዝ የሚያልፈው በአንድ ሽቦ ሲሆን ኮምፒውተሩ የቱ እንደተነካ የሚለየው በሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ በሚያሳየው ተቃውሞ) ልክ ነው፤ የሚለካውም በኦም ነው። ሻጩ ፊት መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በሁለቱ ጫፎች ላይ አስነክተው ጫፏ ላይ ያለችውን ማብሪያ ሲጫኑ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። እጀታዋን ወደ ላይ ሲገፉ 240 ኦም ገደማ፣ ወደ ታች ሲጫኑ 630 ገደማ፣ ወደ ራስዎ ሲስቡ ደግሞ 1540 ገደማ ማሳየት ይኖርባታል። ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ውስጧ ዝጓል ማለት ነውና ይመልሷት።

በገጠማው ጊዜ ሁለት ነገሮችን በቅርብ ይከታተሉ። አንደኛው ኤርባጉ ነው። መሪው ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ መቆየት አለበት፤ «እኔ ሁልጊዜ ሳልነቅል ነው የምሠራው» የሚል ሰው ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይሂዱ። ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችው የፍሬን መብራት ማብሪያ ናት። ኮምፒውተሩ ፍሬን መያዝዎን ከሁለት የተለያዩ ምልክቶች ማወቅ ስላለበት ማብሪያዋ ባለ አራት ጫፍ ልትሆን ይገባል፤ ባለ ሁለት ጫፍ ከሆነች መለወጥ አለባት። ክሩዝ ኮንትሮል ፍጥነት መያዙ ትንሹ ሥራው ነው፤ ሰው የሚተርፈው በቅጽበት በመልቀቁ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ 60 ላይ ያስይዙትና ፍሬኑን በጫማዎ ጫፍ ብቻ ይንኩት። መኪናዋ ፍሬን መያዝ ሳትጀምር ክሩዙ መልቀቅ አለበት። ይህን አሥር ጊዜ ይደጋግሙ፤ ከአሥሩ አንዱን እንኳ ከሳተ ዕለቱን ወደ ጋራዡ ይመልሷት። ከ40 ኪሎ ሜትር በታች አልይዝም ቢልዎ ግን ጤነኛ ነው፤ የተሠራው እንደዚያ ነው።

ስለሚመላለሱበት መንገድም አንድ ነገር ልጨምር። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ፈጣን መንገድ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ጀምሮ 1,600 ሜትር ገደማ ወዳለችው አዳማ የሚወርድ ነው። የእርስዎ ዓይነት ክሩዝ ኮንትሮል ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ ፍሬን አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ መኪናዋ በክብደቷ ስትፈጥን ዝም ብሎ ያያል። ወደ አዳማ ሲወርዱ እግርዎ ከፍሬኑ አይራቅ። ዝናብ ሲጥልም ጨርሶ ያጥፉት፤ ጎማው ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ነዳጅ የሚቀንስ የሰው እግር ያስፈልጋል። ለጉልበትዎ እውነተኛ ዕረፍት የሚያገኙት ሜዳው ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመንገዱ ቀላል የማይባል ክፍል ስለሆነ ወጪው አይቆጭዎትም።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1998 ኮሮላ አለችኝ፤ ማርሿ ማንዋል፣ ነዳጅ መስጫዋም በገመድ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ወንድሜ ለአሮጌ መኪና የሚሆን ክሩዝ ኮንትሮል ኪት ሊልክልኝ ይፈልጋል። በቫኪዩም የሚሠራና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አለ፤ የቫኪዩሙ ይረክሳል። እንዲህ ዕድሜዋ ከገፋ መኪና ጋርስ ይስማማል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዕድሜ ረገድ አትሥጉ፤ ክሩዝ ኮንትሮሉ ከኮሮላችሁ ብዙ ይበልጣል። የዘመናዊውን ክሩዝ ኮንትሮል መነሻ የሠራው በልጅነቱ የዓይን ብርሃኑን ያጣው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር ነው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አግኝቶ የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር በ1958 ሞዴሎቹ ላይ ለገበያ አቀረበው። መንዳት የማይችል ሰው የመኪናን መንገጫገጭ በሰውነቱ አዳምጦ ለአሽከርካሪዎች መላ ማበጀቱን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ያ መሣሪያ የተሠራው ኮምፒውተር ለሌላት፣ ገመድና ካርቡራተር ላላት መኪና ነበር።

ምርጫውን በተመለከተ ግን የኤሌክትሪኩ ይላክላችሁ፤ ምክንያቱም ከምትኖሩበት ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። የቫኪዩም ኪት ጉልበቱን የሚያገኘው በውጭው አየርና በሞተሩ ማስገቢያ ውስጥ ባለው አየር መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ዳገት ሲመጣ ደግሞ የአየር በሩ በሰፊው ስለሚከፈት የቀረውም ልዩነት ይመነምናል። በዚህ የተነሣ ኪቱ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ገመዱን የሚስብበት አቅም ያጣና መኪናዋ እየደከመች ትሄዳለች። የኤሌክትሪኩ ኪት ገመዱን የሚስበው በባትሪው ኃይል ስለሆነ ከፍታው አይጎዳውም፤ የሞተሩ የራሱ ጉልበት በከፍታው መቀነሱ ግን በየትኛውም ኪት አይድንም።

ማርሻችሁ ማንዋል ስለሆነ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይም ማብሪያ መግጠም ግዴታ ነው። ያለሱ ክሩዙ በርቶ ፍሪሲዮን ብትረግጡ መኪናዋ ፍጥነት ስትቀንስ ኪቱ ነዳጅ ይጨምራል፤ ጭነት የሌለበት ሞተርም እስከ ላይ ይጮኻል። ፍጥነቱን የሚያነበውም ወይ ከካምቢዮው የፍጥነት ሴንሰር፣ ወይም ጎማውን በሚያሽከረክረው ዘንግ ላይ ከሚታሰር ማግኔት ነው፤ ማግኔቱ ጭቃና ድንጋይ ስለሚያገኘው ሴንሰሩ ካለ እሱን ምረጡ።

አሁን ከልቤ የምለውን ስሙኝ። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛዬ መኪና ሌላ ቦታ ኪት ተገጥሞላት መጣች። ቅሬታው «ፍሬን ይዤ ስለቅቅ ትወረወራለች» የሚል ነበር። እኔም መንገድ ላይ ሞከርኳት፤ ፍሬኑን ስረግጥ ቀዘቀዘች፣ እግሬን ሳነሣ ግን ማንም ሳያዛት ወደ ቀድሞ ፍጥነቷ ተስፈነጠረች። ጋራዥ መልሼ ፔዳሉ ሥር ተኝቼ በባትሪ ብርሃን ሳይ ከኪቱ የመጣች አንዲት ቀጭን ሽቦ ከፍሬን መብራቱ መስመር ተቆርጣ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ታስራ አገኘኋት። ምሥጢሩ የገባኝ የኋላ መብራቶቹን ስፈታ ነው። ብዙዎቹ ኪቶች ፍሬን አለመያዙን የሚያረጋግጡት በፍሬን አምፖሉ ክር በኩል ከአካሉ ጋር መገናኘታቸውን አይተው ነው። የዚያ ሰው አምፖሎች በኤልኢዲ ተለውጠው ስለነበር ክር የላቸውምና ኪቱ አልነሣም አለ፤ ገጣሚውም «ለማስነሣት» ሽቦዋን አካሉ ላይ አሰራት። ተነሣም፤ መልቀቂያውን ግን ከእነ ነፍሱ ቆርጦ ጣለው። ያ ሰው የተረፈው ከፊቱ ክፍት መንገድ ስለነበር ብቻ ነው። መፍትሔው አንዱን አምፖል ወደ ባለ ክሩ መመለስ ወይም በመስመሩ ላይ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ማስገባት ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እናንተም አምፖሎቻችሁ ምን ዓይነት እንደሆኑ ሥራው ሳይጀመር ለገጣሚው ንገሩት። ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ሲጠቀለል ካያችሁም በብየዳ እንዲያያዝ ጠይቁ።

የኪቱ ገመድ ሲታሰር ጥቂት ሚሊሜትር ላላ ብሎ ይቅር፤ ከጭስ ማውጫውና ከመሪ ዘንጉም ይራቅ። ከዚያ በፊት ግን የነባሩን ነዳጅ መስጫ ገመድና የመመለሻውን ሞላ አስፈትሹ። ፔዳሉ ሲለቀቅ «ቷ» ብሎ የማይመለስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታደስ፤ ኪቱ ሳጥኑ ውስጥ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ የድሮ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ እነዳለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ በእጅ ተስቦ ሲጠመዘዝ ነዳጁን ይዞ የሚቀር ቁልፍ አለ። ረጅም መንገድ ላይ እንደ ክሩዝ ኮንትሮል ብጠቀምበት ምን ችግር አለው? ጓደኞቼ ይጠቀሙበታል።
(አንባቢ፣ ከባቱ)

መልስ፦ አይጠቀሙበት፤ ጓደኞችዎንም ይንገሯቸው። ያ ቁልፍ የተሠራው መኪናው ቆሞ ሳለ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ለመያዝ ነው፤ ጠዋት ሞተር ለማሞቅ ወይም የመጎተቻ ዊንች ለማሠራት ያገለግላል። ከፍሬን ፔዳሉ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም። ከሐይቁ ዳር ከብት ወይም ልጅ ዘሎ አስፋልቱ ላይ ቢገባ እግርዎ ፍሬኑን ይረግጣል፤ ሞተሩ ግን ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል። በዚያች ቅጽበት እጅዎ ከመሪው ተነሥቶ ያንን ቁልፍ ፈልጎ ጠምዝዞ ይመልሳል ማለት ዘበት ነው። የተያዘ የነዳጅ መጠን ደግሞ የተያዘ ፍጥነት አይደለም፤ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ይከንፋል።

ዕረፍት ከፈለጉ ከላይ ለኮሮላው ባለቤት የመከርኩት የኤሌክትሪክ ኪት የናፍጣ ፓምፑን ማዘዣ መሳብ ስለሚችል ለእርስዎም ይሆናል፤ የፍሪሲዮን ማብሪያው ግዴታ መሆኑ ሳይረሳ። የቫኪዩም ኪት ግን አያስቡ። የናፍጣ ሞተርዎ እንደ ቤንዚኑ በራሱ ቫኪዩም ስለማያመነጭ ያለው ቫኪዩም በፓምፕ ለፍሬኑ የሚዘጋጀው ብቻ ነው፤ ከዚያ መስመር ላይ ቆርጦ ለሌላ ነገር ማዋል ፍሬኑን መቀማት ነው።

የእጅ ቁልፉንም ቢሆን ገመዱ በአቧራ ተጣብቆ እንደሆነ ይፈትሹት። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ይሳቡትና መልሰው ይልቀቁት፤ የሞተሩ ዙር ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ገመዱ ወጥቶ ይቀባ ወይም ይለወጥ።