ለሐዋሳ ልጆች፦ ስለ ሌሊት ወፍና ስለ ሕጉ

የሌሊት ወፍን ሰው ከወፍም ከአይጥም አይቆጥራትም። ሕጉም ብዙ አላሰባትም። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲወጣ ትኩረቱ ፓርክና አደን ነበር፤ እሷ ግን የምታድረው እናንተ ኮርኒስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለክልሉ የሌሊት ወፍ ጥበቃ ደንብ ረቂቅ ብታዘጋጁ «መግደል ክልክል ነው» ብላችሁ አትለፉ። ማደሪያው የተደፈነበት መንጋ ማንም ሳይገድለው ያልቃል።

ሥልጣኑን አስቀድማችሁ ለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በአንቀጽ 52 ክልሉ በዚያ ሕግ መሠረት ያስተዳድራል። አዋጅ ይተካልና የቅርቡን ነጋሪት ጋዜጣ ሳታዩ ብዕር አታንሡ።

ዋናው ነገር ወቅት ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ የሚወልዱት አንድ ብቻ ነው፤ ግልገሉ ለመብረር ሳምንታት ይፈጅበታል። ያኔ ቀዳዳው ከተደፈነ እናት ውጭ ትቀራለች፣ ግልገሉ ውስጥ ሞቶ ይሸታል፤ የቤቱ ባለቤትም መርዝ ፍለጋ ይሄዳል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 8 እስከ ነሐሴ 8 ከማደሪያቸው ማስወጣትን ትከለክላለች። ቀኑን ግን እንዳትገለብጡ! በእኛ አገር መውለጃው ዝናብንና የነፍሳትን መብዛት ይከተላል፤ በዓመት ሁለቴ የሚወልዱም አሉ። ማደሪያዎቹ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ታይተው ቀኑ ይወሰን።

አወጣጡም በደንቡ ይጻፍ። ከዋናው መውጫ በቀር ሌላው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፤ ለትንንሾቹ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃቸዋል። በመውጫው ላይ ጥፍር የማይዝ ደቃቅ መረብ ከላይና ከጎን ይመታል፤ ታቹ ክፍት ሆኖ ከቀዳዳው በታች ግማሽ ሜትር ያህል ይንጠልጠል። ወጥታ መመለስ ያቅታታል። መረቡ ቢያንስ አራት ሌሊት እንዲቆይ ፍሎሪዳ ትጠይቃለች፤ እኔ ሳምንት ብትሉ እመርጣለሁ። ማታ የሚወጣ አለመኖሩ ሳይታይ የመጨረሻው ቀዳዳ አይደፈን።

ጤናን የዘለለ ረቂቅ ስብሰባ ላይ ይወድቃል፤ ጎረቤት የሚፈራው እሱን ነውና። በባዶ እጅ መንካት ይከልከል። የተነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኩሷ በደረቁ አይጠረግ፤ አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። ጠራጊው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መጀመሪያ ውኃ ረጭቶ ያንሣው።