ቆርቆሮው ከመምጣቱ በፊት ቅያሱን ለኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ ነው የምንኖረው። የእናቴ ቤት ጭቃ ቤት ነው፤ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 7 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው ዝጓል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ባልዲና ሳፋ ስንደረድር ነው የምናድረው። አሁን ትንሽ ብር ስላጠራቀምን በጥቅምት ልናስቀይረው አስበናል። ግን መኪና በራችን ድረስ አይገባም። ከአስፋልቱ እስከ እኛ ግቢ ጠባብ ቅያስ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ ይታጠፋል። በአንድ በኩል ጣሪያችን ከጎረቤት ጣሪያ ጋር ይነካካል። እናቴ ቤቷን ለቅቃ ሌላ ቦታ ማደር አትፈልግም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቅምት ጥሩ ወር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ፀሐዩም ደህና ነው። የቆርቆሮ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ግን ቅያሱን ለኩ።

ልትገዢ ባሰብሽው ቆርቆሮ ልክ የተቆረጠ አጣና ፈልጊ። አንቺ በአንድ ጫፍ፣ ወንድምሽ ወይም አንድ የሰፈር ልጅ በሌላው ጫፍ ሆናችሁ ከአስፋልቱ እስከ ግቢ ይዛችሁት ሂዱ። መታጠፊያው ላይ አጥሩን ከነካ ወይም አልዞር ካለ፣ ቆርቆሮውም አያልፍም። ሽቅብ አቁመን እናዙረው እንዳትሉ። እዚያ ሰፈር ከራስ በላይ የመብራት ሽቦ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ ብረት ነው። ረጅም ወጥ ኤጋ ቆርቆሮ መጋጠሚያ ስለማይበዛው እኔም እወደዋለሁ። ካላለፈ ግን የ2 ሜትሩን ግዙና አናጢው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየደረበ ይምታው። መደራረቢያው ከ20 ሳንቲም አይነስ።

የመብራቱ መስመር ከጣሪያው ጫፍ ላይ ታስሮ እንደሆነም ተመልከቱ። ከሆነ ቀደም ብላችሁ ለመብራት ኃይል በ905 ደውሉ እንጂ አናጢው እንዳይነካው።

መኪናው አስፋልት ላይ ነው የሚያራግፈው። ስለዚህ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ዋጋ የምትነጋገሩት አይሱዙው ከመቆሙ በፊት ነው። «እስከ አስፋልት ዳር» ሳይሆን «እስከ ግቢ ውስጥ» ብላችሁ ተስማሙ። ዕቃው ወርዶ መንገድ ከዘጋ በኋላ የሚደረግ ድርድር ሁሌም ጭቅጭቅ አለው። ሹፌሩንም የጭነት መኪና በዚያ መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት ጠይቁት።

ዕቃው ከሥራው አንድ ቀን ቀድሞ ግቢ ይግባ። ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁ ነው። ከዓመታት በፊት ኮልፌ አንድ ቤት ስንሠራ፣ ወሩ መጋቢት ነበር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሮጌውን ጣሪያ ሙሉ በሙሉ አነሳነው። ቆርቆሮው 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብለን ነበር። መኪናው ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። የባለቤቲቱ ፍራሽ፣ ጆንያ ሙሉ ጤፍ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሟች ባላቸው ፎቶ፣ ሁሉም ራሰ። ሴትዮዋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ፎቶውን በነጠላቸው ሲጠርጉ ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ በዕለቱ መልሼ ልከድነው የማልችለውን ጣሪያ ከፍቼ አላውቅም።

የእናንተም በሁለት ቀን ይሠራ። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ክንፍ ተነስቶ፣ የበሰበሰው ማገር ተቀይሮ፣ ሳይመሽ ይከደን። በማግስቱ ሌላኛው። ሰፊ ሸራም አዘጋጁ። እናትሽን ሂዱ አትበያቸው። ቀን ቀን ሰው ጣሪያ ላይ ስላለ ከሥር መቀመጥ የለባቸውም፤ ጎረቤት ቡና ሲጠጡ ይዋሉ። ማታ በራሳቸው አልጋ ይተኛሉ። ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነ ግን የብዙ ዓመት አቧራ ነው የሚወርደው፤ አልጋውን በላስቲክ ሸፍኑት።

ጎረቤቶቻችሁን በፊት አነጋግሯቸው። ምናልባት የእነሱ ቆርቆሮ ጫፍ እናንተ እንጨት ላይ ተመትቶ ይሆናል። መሰላሉም እነሱ ግቢ መቆም ሊኖርበት ይችላል። እናትሽ ራሳቸው ቡና አፍልተው ቢጠሯቸው ይሻላል፣ እሳቸውን እምቢ አይሉም። የመሰላሉ እግር ጭቃ ላይ እንዳይሰጥም ጣውላ ይነጠፍለት። ቁመቱም ከጣሪያው ጫፍ 1 ሜትር ያህል ይለፍ።

ወረዳ ሄዳችሁ የእድሳት ፈቃድ ያዙ። ጥቅምት 12 እና 21ን ግን ለሥራ አትቁጠሩ፤ ሚካኤልና ማርያም ስለሆኑ ብዙ አናጢ አይወጣም።

አዲሱ ቆርቆሮ ሲያድር መሬት አይንካ፣ እንጨት ላይ ይደርደር፣ ይሸፈን። ውሃ መሃሉ ገብቶ ተደራርቦ ካደረ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል። አሮጌውን ደግሞ ቆራሌው በዚያው ማታ እንዲወስደው ከወዲሁ ተዋዋሉ። ቅያሱ ሁለቱንም አይችልም።

ሥራው ሲያልቅ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡና ክር አስራችሁ መሬቱን ጎትቱበት። የዛገ ሚስማር እየለቀመ ይመጣል። ግቢው ብቻ አይደለም፤ ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበትን ቅያስም እስከ አስፋልቱ ድረስ።