የኮሌስትሮሉ ኪኒን የእናቴን አንጎል አደረቀው?

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ኮሌስትሮል አለባት። አቶርቫስታቲኗን ማታ ማታ በእጄ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ከዓመት ወዲህ መርሳት አበዛች፤ የቡና ምጣዱን እሳት ላይ ትታ ትወጣለች። ጎረቤት «አንጎል ስብ ነው፤ ኪኒኑ አደረቀው» ስላለን ካቋረጥነው ሦስት ወር ሆነው። አናቷንም ቅቤ እንቀባታለን፤ ለውጥ ግን የለም። ኪኒኑ ይሆን?

መልስ፦ እናትዎን ለዚህ ያበቃቸው እርስዎ የሰጧቸው ኪኒን አይደለም። ይህን ሸክም ከላይዎ ያውርዱት። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ አንዳንድ ሰው ላይ መዘናጋት ያመጣል ይባላል፤ ያ ግን ሲቆም ይለቃል። የእናትዎ አልለቀቀም።

አንጎል ስብ የበዛበት መሆኑስ እውነት ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኮሌስትሮሉ 20 በመቶ ገደማ የሚገኘው እዚያ ነው። ነገር ግን የሚያስፈልገውን እዚያው ራሱ ያመርታል እንጂ ከደም አይቀዳም፤ በደም ሥርና በአንጎል መካከል ያለው አጥር የደሙን ኮሌስትሮል አያሳልፍም። ስለዚህ የደሙ ሲቀንስ አንጎል አይደርቅም፤ ቅቤ ቢበሉም አይለመልምም። አናት ላይ የሚቀባውማ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ያ ነው። ከቆዳው ሥር አጥንት አለ፣ ከአጥንቱ ሥር ደግሞ ጠንካራ ሽፋን። እኛም እየተቀባን ነው ያደግነው፤ ልማዱን አልነቅፍም። የመድኃኒት ቦታ ሲይዝ ግን ዝም አልልም።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጉልምስና ዕድሜ ከፍ ያለ መጥፎ ኮሌስትሮል ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል። «እኔስ እወርሰው ይሆን?» ብለው ከሰጉ፣ አንጎል ውስጥ ስብ የሚያመላልስ አፖኢ የሚባል ፕሮቲን አለ። «አፖኢ4» የተባለውን ዓይነት የወረሰ ሰው ለአልዛይመር፣ ማለትም ለዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት፣ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል። የወረሰ ሁሉ ግን አይታመምም።

ሦስት ወር ግን! ስኳር ያለባቸውን እናት መድኃኒት ያስቆመው ጎረቤት ነው? የደም ሥራቸው ቢደፈን ስትሮክ ይመጣል፤ ስትሮክ ደግሞ ራሱ ያስረሳል። በዚህ ሳምንት ኪኒኖቻቸውን በሙሉ ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ለዓመታት ከወሰዱ፣ በዚያ ላይ ጿሚ ከሆኑ፣ ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥራቸው ይችላል፤ ይህና የእንቅርት ሆርሞን ይታዩላቸው። ሁለቱም የሚታከሙ ናቸው።

ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው በድንገት ከተሳሰረ ግን ይንጋ አይበሉ፤ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።