አስታማሚዋንም ጠይቋት

ባሕር ዳር ውስጥ ከአረጋውያን ጋር መሥራት ለጀመራችሁ ወጣት ሶሻል ወርከሮች ነው የምጽፈው። የሥራ ዘመኔ በአብዛኛው ያለፈው የመርሳት ሕመም በገባባቸው ቤቶች ነው።

"ጃጁ" ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ዕድሜ ብቻውን የልጅን ስም አያስረሳም። ብዙ ጊዜ መንስኤው አልዛይመር የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው። የደም ግፊት የጎዳው የአንጎል ደም ሥርም ያመጣዋል። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከዘባረቁ ግን ቶሎ ሐኪም ይያቸው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግርና ድብርትም መርሳትን ይመስላሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ቤተሰቡ ጠበል እንወስዳቸዋለን ካለ አትሟገቱ። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ አደራ በሉ።

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ቤት ስትገቡ ሁሉም ስለ ታማሚዋ እማማ ያወራችኋል። ቡና የምታፈላውን ሴት ማንም አያነሳትም። ያላገባች ልጃቸው ናት፣ ወይ ምራት፣ ወይ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ። እማማ ሌሊት ሲነሱ አብራ ትነሳለች። መቀነታቸው ውስጥ የቋጠሩትን ብር ሲያጡት ሌባ የምትባለው እሷ ናት። ሥራዋን ትታለች። ወገቧ ታሟል። ለቅሶ እንኳ መድረስ አልቻለችም። ወንድሞቿ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወሉ "እማዬን እንዴት ነው የያዝሻት?" ይሏታል። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ለብቻዋ አነጋግሯት። እንቅልፏን ጠይቋት። ካለቀሰች አትቸኩሉ። ሌባ ያሰኛት በሽታው እንጂ የእማማ ልብ እንዳልሆነ ንገሯት፤ ወንድሞቿ ባሉበትም ድገሙት። ከዚያ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ተራ አስይዙ። መምጣት የማይችል የረዳት ደሞዝ ይክፈል።

እማማ የሞቱትን ባላቸውን "የት ሄደ?" ባሉ ቁጥር አስታማሚዋ መርዶ አታርዳቸው። "እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ" ብትል ይሻላል። ከቤት ወጥተው የሚጠፉ ከሆነ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች፣ ባለሱቁና የእድሩ ሰዎች ይወቋቸው። ቤቱ ለጣና ወይ ለዓባይ ከቀረበ ፍለጋው ከውሃው ዳር ይጀምር። ቤተሰቡ አፍሮ መደበቅ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጠንከር በሉ።

እማማ ሲያርፉ ፋይሉን አትዝጉ። ከአርባው በኋላ ተመልሳችሁ ጠይቋት። ያኔ ለቀስተኛው ተበትኗል፣ ገቢም የላት። ወደ ሥራ የምትመለስበትን መንገድ አብራችኋት ፈልጉ።